የመንዝ ጓሳ አጠባበቅ ሥርዓትና የእንግዳው ነገር

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ብርዳም ደጋ አገር ነው። ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ይታወቃል። በጌራ ምድር በኩል፣ አገሩ ወደ ምሥራቁ ቆላ በገደል ከመውረዱ በፊት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል የሣር ምድር ተዘርግቶ ይታያል። ስሙ ጓሳ ነው። ይህንንም ስም ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው፣ ባላገሩ ጓሳ ብሎ ከሚጠራው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ከዚህ ምድር የሚመነጨው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ስለ ጓሳ ተመልካችን ሊያስደንቀው የሚገባው የሣሩ ብዛት አይደለም። በዙሪያው ያለው አገር እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ታርሶ ሳለ፣ ይህ ምድር ይህን ያህል ዘመን ሳይታረስ መቆየቱ ነው። ምክንያቱ ብርዱ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህ አሳብ ብቻውን አያጠግብም። በስሜን ተራሮች፣ ግጭ በሚባለው ስፍራ፣ 3600 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ገብስ ሲዘራ ኖሯል። የመንዝ ገበሬም መሬት ለማቅናት ከስሜን ገበሬ የሚያንስ ትጋት የለውም። ስለዚህ ጓሳን ከማረሻ የጠበቀው የአየሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ያቆሙት ሕግ ነው ማለት ይገባል።

ይህ ሕግ በአገሬው አጠራር ቄሮ ይባላል። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ የወጣቶች እንቅስቃሴ መጠሪያ ከሆነው ቃል ጋራ በድምፅ ይገጥማል እንጂ በነገሩ አንድ አይደለም።) በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ሥርዓቱ የተጀመረው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ዘመኑ ከግራኝ ጦርነትና ያንን ተከትሎ ከመጣው የሕዝቦች እንቅስቃሴ በኋላ ሰፋሪዎች መንዝን እንደ ገና ያቀኑበት ዘመን ስለ ሆነ፣ አፈ ታሪኩ ከዚህ ላይ ከታወቀው ታሪክ ጋራ አይጣላም። መሬቱን ቀድሞ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ይባላል፤ ከእርሱ የተወለደ ሁሉ ርስት የመጠየቅ መብት አለው። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የጓሳን ምድር ተካፈሉ፤ ወሰናቸውንም የለዩት በፈረስ ግልቢያ እንደ ሆነ ይተረካል። በግልቢያ መሬት ስለ መካፈል የሚነገረው ትረካ በሌላም ስፍራ የሚሰማ ስለ ሆነ እንዳለ እንደ ታሪክ መቀበል አይገባም። የትረካው ጥቅም ሌላ ነው፤ ጓሳ ባለቤት የሌለው ዱር እንዳልነበረና የሚጠቀምበትም ሰው በአባቶቹ ስም ተለይቶ የሚታወቅ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የቄሮ ሥርዓት ፍሬ ነገሩ መዝጋትና መክፈት ነው። ጓሳ ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለማንኛውም አገልግሎት ዝግ ሆኖ ይቆይ ነበር። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። የመዝጊያው ዘመን አስቀድሞ በቁጥር የተቆረጠ አልነበረም፤ የሣሩ እድገትና የሕዝቡ ችግር እየታየ ይወሰን ነበር። በዚህ ነገር የአገሬው ሰው አስተዋይነት ይታያል። በደጋው ብርድ ሣሩ የሚያድገው በዝግታ ነውና፣ በየዓመቱ ቢታጨድ የሚከድን ሣር ሳይሆን ለበግ ብቻ የሚሆን አጭር ግጦሽ ይሆን ነበር።

ሣሩ መድረሱ በታመነበት ዓመት ምድሩ በበጋው ጽናት፣ በየካቲትና በመጋቢት ገደማ ይከፈታል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ሰሞን በሐምሌ መጀመሪያ፣ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ የቀን አመዳደብ በአጋጣሚ የተደረገ አይመስልም። ዝናሙ ሲበረታ አፈሩ ይላላል፤ የከብት ሰኮናም የላላውን አፈር እየረገጠ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ከዚህም ሌላ ጾሙ የሚፈታበት ቀን ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቀን ስለ ሆነ፣ አዋጁን አልሰማሁም ለሚል ሰው ማመካኛ አይተርፍለትም።

የጓሳው አለቃ አባ ቄራ፣ ወይም አፈሮ፣ ይባል ነበር። ከላይ የሚሾም ሳይሆን ተጠቃሚዎቹ ተስማምተው የሚመርጡት ሰው ነው። የሚከፈትበትን ቀን የሚያስታውቅ እርሱ ነው፤ ጥበቃውንም የሚያዝዝ እርሱ ነው። ጠባቂዎቹ ደመወዝተኞች አልነበሩም፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ተራው በደረሰ ጊዜ ይወጣ ነበር። ተጠቃሚው በየአጥቢያው ተከፍሎ ስለ ነበር የቤተ ክርስቲያንም ቃል ለአለቃው ትእዛዝ ድጋፍ ይሆነው ነበር። ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና ናይጅል ሊደር ዊሊያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን አደረጃጀት በዝርዝር ገልጸውታል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጓሳ የተጻፈው ብዙው ነገር በእነርሱ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሣር መደረጉ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ሣሩ በመንዝ ቤት ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንደ ያዘ ማሰብ ይኖርበታል። የቤቱ ክዳን ጓሳ ነው። ጭነት የሚታሰርበት ገመድ፣ ቤት የሚጠረግበት መጥረጊያ፣ እረኛው በዝናም የሚለብሰው ገሳ ከእርሱ ይሠራል። ዛፍ በጠፋበት በዚያ ደጋ የአስታው ቁጥቋጦ ማገዶ ነው። ድርቅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ዝግ ሆኖ የቆየው ምድር ለከብቱ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። ስለዚህ የጓሳ ጥበቃ የመጣው ለዱር አራዊት ከማዘን አይደለም። በሚቀጥለው ክረምት ቤቱ እንዳያፈስበት ከሚሠጋ ሰው አሳብ የመጣ ነው። በዛሬው ጊዜ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች የጥንቱን ባላገር የተፈጥሮ ወዳጅ አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ፤ ይህ ግን ለባላገሩ ያልጠየቀውን ምስጋና መስጠት ነው። ሥራው ከዚህ የሚበልጥ ነው፤ ችግሩ ሳያስገድደው ሳይሆን፣ ችግር እያስገደደው እጁን ለአምስት ዓመት ሰብስቧልና።

ደግሞም ቄሮን እንደ ፍጹም የእኩልነት ኑሮ አድርጎ ማወደስ ስሕተት ነው። ከአቅኚ አባት መወለዱን ለማስረዳት ያልቻለ ሰው ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም። ኋላ የመጣ ሰፋሪም ሆነ ርስት የሌለው ድኻ በተከፈተው ምድር ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሥርዓቱ ምድሩን ያዳነው የሚገባውን ሰው በመወሰን ጭምር ነው፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም።

ጋረት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ለሁሉ የተለቀቀ የጋራ ግጦሽ ጥፋቱ የማይቀር ነው ብሎ ነበር። እያንዳንዱ ባለ ከብት አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ ለራሱ፣ ጉዳቱ ለሁሉ ስለሚሆን ማንም አይተውም የሚል ነው ክርክሩ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ለሁሉ የተለቀቀና የጋራ የሆነ መሬት አንድ አለመሆናቸውን፣ ባለቤቶቹ ተለይተው የሚታወቁበትና ሕጉን ራሳቸው ያወጡበት የጋራ ሀብት ለብዙ ዘመን ሊጠበቅ እንደሚችል ከብዙ አገር በተሰበሰበ ማስረጃ አሳየች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘችውም በዚህ ሥራዋ ነው። ጓሳ ለእርስዋ አሳብ እንደ ተዘጋጀ ምስክር ነው። ነገር ግን ለሃርዲንም ምስክር የሚሆንበት ዘመን መጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ርስትን ሻረ። ርስት ሲሻር የአስቦና የጌራ ልጆች መብት አብሮ ተሻረ፤ አባ ቄራም የሚያዝበት መሠረት አጣ። ምድሩ በአዲሶቹ የገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ቀድሞ በትውልዱ ተከልክሎ የቆየው ሰው ወደ ጓሳ መግባቱ ፍትሕ ነበር። የመዝጊያው ሕግ አብሮ መውደቁ ግን ጉዳት ነበር፤ ሣሩ ሳይደርስ የሚታጨድበት፣ ከብትም ያለ ወቅት የሚሰማራበት ጊዜ ሆነ። ታሪክ ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢጽፍ ያጭበረብራል። በአንድ አዋጅ ሁለቱም ሆነዋልና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የመንዝን ሰው ብልኀት ያሳያል። የቄሮን ስም ማንሣት የድሮውን ሥርዓት መመለስ በሚመስልበት ጊዜ፣ ማንም ሊነቅፈው የማይችል ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ እርሱም ዕድር ነው። ዕድር በመሠረቱ የቀብርና የሐዘን ማኅበር ነው። አባል የሚሆነው በመዋጮውና በጉልበቱ እንጂ በአቅኚ አባቱ አይደለም። የጓሳ ጥበቃ በዚህ መልክ፣ በመተዳደሪያ ደንብና በተመረጡ ሰዎች ኮሚቴ እንደ ገና ተቋቋመ። መዝጋትና መክፈት ከድሮው ተወሰደ፤ የባለመብቱ ማንነት ግን ተለወጠ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ጥብቅ ስፍራዎች መንግሥት ከልሎ ባላገሩን ያስወጣባቸው ወይም ያገደባቸው ሲሆኑ፣ ይህ ባላገሩ ራሱ የከለለው መሆኑ ልዩ ያደርገዋል።

አዲሱ ሥርዓት ከጥንቱ ጋራ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም እንግዳው ነው። በቄሮ ዘመን ከመንዝ ውጭ የሚመጣ ሰው በጓሳ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ዛሬ ግን ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ መንገደኛ አለ፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ከምድሩ መጠበቂያ አንዱ ሆኗል። የዚህን ሰው ሁኔታ ለመረዳት በሸዋ ደጋ መንገደኛ ቀድሞ እንዴት ይስተናገድ እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል።

ተራው መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነበር። በመሸበት ደጃፍ ቆሞ ማደሪያ ይጠይቃል፤ እግሩ ይታጠባል፤ የተገኘውን ይበላል፤ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። እርሱ ብዙ ሸክም አልነበረም፤ የያዘው ስንቅና በትር ነው። የንጉሥ እንግዳ ግን ሌላ ነው። በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ ሰው በየደረሰበት አገር ድርጎ ይቈረጥለት ነበር፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ፣ ማገዶው ሁሉ ከባላገሩ ይወጣል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቆየው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ ብዙ ጭነትና ብዙ ተከታይ ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ አስቀድሞም በደቡብ አፍሪቃ በአዳኝነቱ ታውቆ ነበር። በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ወደ ሰሜን የሄደው ሚስዮናዊ ክራፕፍም በዚህ ደጋ አልፏል። እነዚህ ሰዎች ስለ ባላገሩ ብዙ ጽፈዋል፤ ባላገሩ ግን ስለ ድርጎው ምን እንዳለ የጻፈለት የለም።

በእነዚያ ዓመታት የመጣ ሊቅ ደግሞ አራዊቱን ወደ አገሩ ይዞ ይሄድ ነበር። ጭላዳንም ቀይ ቀበሮንም ለአውሮጳ ሊቃውንት ያስታወቀው የፍራንክፈርት ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከ1831 እስከ 1833 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰበውን ቆዳና አጥንት በከተማው ለሚገኘው ለዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ሰጠ፤ ስለ ጭላዳ በ1835፣ ስለ ቀይ ቀበሮም በ1840 እ.ኤ.አ. ጻፈ። የጓሳን ሕዝብ ጥበቃ ከረዱት የውጭ ማኅበራት ዋነኛው የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበር መሆኑ ነገሩን ላስተዋለ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ከአንድ ከተማ የመጡ ሁለት ዐይነት እንግዶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ያህል ነው።

የዛሬው የጓሳ መንገደኛ የእግዜርም የንጉሥም እንግዳ አይደለም። የሚያድረው የአገሬው ሰው በሚያስተዳድረው ማረፊያ ወይም በድንኳኑ ነው፤ ለመግቢያ፣ ለማደሪያና ለመንገድ መሪ ይከፍላል፤ የሚሄድበትንም መንገድ የሚያሳየው ተራ የወጣ የአካባቢው ልጅ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በወሎ መቄት የተጀመረው፣ እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ እየሄደ ባላገሩ በሠራው ጎጆ የሚያድርበት ጉዞም በዚሁ አሳብ የቆመ ነው። ታላቁ ልዩነት ይህ ነው፤ በድርጎ ጊዜ እንግዳው ከባላገሩ ይወስድ ነበር፤ አሁን የአገሩን ሕግ አክብሮ ይከፍላል። ሆኖም እንግዳው ከፈለ ማለት ምንም አይበላም ማለት አይደለም። በ3200 ሜትር ከፍታ ሌሊቱ ውርጭ ነውና እንግዳው እሳት ይወዳል። የማገዶው ምንጭ ጓሳው ራሱ ከሆነ፣ አራዊቱን ለማየት የመጣው ሰው መኖሪያቸውን እያነደደ ይሞቃል። የውሃ ጠርሙሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ገሳና ገመድ ሲያረጅ ይበሰብሳል፤ ፕላስቲክ ግን በሣሩ መካከል ይቀራል።

እንግዳው ለማየት የሚመጣው ነገር ራሱ የመዝጊያው ሕግ ሳያስበው ያቆየው ሀብት ነው። ጭላዳ ሣር የሚበላ ዝንጀሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሣሩ ሥር በሚኖሩ አይጦችና ፍልፈሎች ይኖራል፤ በዓለም ሁሉ የቀረው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም ይባላል፤ ከኢትዮጵያም ውጭ የለም። በጓሳ ለብዙ ዓመታት ከተደረገው የጭላዳ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳዎች መንጋ መካከል እየተመላለሰ ሲያድን ከመቶው 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እንዲህ ያለ ጉርብትና በሌላ ስፍራ ማየት አስቸጋሪ የሆነው፣ ሁለቱም የሚኖሩበት ሰፊ ሣር በሌላ ስፍራ ስለ ታረሰ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። የቄሮን ሥርዓት ያቆመው የቤት ክዳን ነበር። በገጠሩ አገር ሁሉ ግን ቆርቆሮ የሣር ክዳንን እየተካ ነው። ቤቱን በቆርቆሮ የከደነ ሰው ለጓሳ ሣር አምስት ዓመት የሚታገሥበት ምክንያት ይቀንስበታል፤ ልጁም ከእርሱ ያነሰ ምክንያት ይኖረዋል። መሬት ለሌለው ወጣት ይህ ሁሉ ያልታረሰ ምድር እንዴት እንደሚታየው መገመት አያስቸግርም። የእንግዳው ገንዘብ በሣሩ ፋንታ የገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ሣርና እንግዳ አንድ ዐይነት መከር አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን መንገድ ዘጋ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ መንገደኛም ከሰሜኑ ደጋ እግሩን ሰበሰበ። ጓሳ ሣር ሰላም ሳይኖርም ይበቅላል፤ በክፉ ቀንም ይበልጥ ይፈለጋል። እንግዳ ግን አገር ሲታመም አስቀድሞ የሚቀር ነው። ስለዚህ ጥበቃውን በመንገደኛ ገቢ ብቻ ማቆም፣ ቤትን በአንድ ምሰሶ ማቆም ይሆናል። ለሣሩ አዲስ ገበያ ማግኘት፣ ለድርቅ ጊዜ ግጦሽነቱን በደንቡ አጽንቶ ማቆየት፣ ከእንግዳው ገቢ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ለዚህ ሁሉ የጥንቱ ሥርዓት አሠራር በደንብ መታወቅ ይኖርበታል፤ እስከ አሁንም የታወቀው ጥቂቱ ነው። የአባ ቄራ አመራረጥ፣ አስቦና ጌራ ሲጣሉ ማን ያስታርቅ እንደ ነበረ፣ በክፉ ዓመት ዝጉን ምድር ስለ መክፈት የተደረገው ክርክር፣ ድርሻ የሌለው ሰው ሣር የሚያገኝበት መንገድ ቢኖር ምን ዐይነት እንደ ነበረ፣ እነዚህ በብዛት ያሉት በሰው አፍ ነው። አዋጁ በወጣበት በ1967 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ለጥበቃ ተራ የወጣ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ አባ ቄራ ሲመረጥ ከሽማግሌዎች ጋራ ተቀምጦ የመከረማ ከዚያም ይበልጣል። ከመሐል ሜዳ እስከ ጓሳ አፋፍ ባሉት አጥቢያዎች እነዚህን ሰዎች እየጠየቁ ቃላቸውን መጻፍ ለአንድ የበጋ ወራት የሚበቃ ሥራ ነው።